መጠየቅ አያሳፍርም፤ አጠያየቁን ግን ማወቅ ይገባል

የቤት ኮምፒዩተር ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱ ይደርስበታል። ወይ ጨርቅ ለብሶ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል፤ ወይም ለጥገና ይወሰድና «ፎርማት ይደረግ» ተብሎ የልጆቹ ፎቶግራፍ፣ የሠርጉ ቪዲዮና የሥራ ማስታወሻው ሁሉ አብሮ ተጠርጎ ባዶውን ይመለሳል። በዚህ ሁሉ መካከል የቤቱን እመቤት አሳብሽ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቃት የለም። እርሷም አትጠይቅም፤ ብጠይቅ ያላዋቂ እመስላለሁ ብላ ትሰጋለች። ጥያቄው ሳይነሣ በመቅረቱ ግን ዕቃው ይባክናል፤ ገንዘቡ ይወጣል፤ ዳግመኛ የማይገኝ የቤተሰብ ትዝታም ይጠፋል።

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው የሊኑክስ ተጠቃሚዎች የኮምፒዩተራቸውን ችግር እርስ በርስ እየተጠያየቁ የሚፈቱበትን ልማድ ነው። ይህ ልማድ ሴቶች እንደ ልባቸው እንዳይጠይቁ የሚያደርግ እንቅፋት ነበረበት። እንቅፋቱን ለማንሣት የተነሡትም ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። ከታሪካቸው ለእያንዳንዱ ቤት የሚጠቅም ትምህርት ይገኛል።

ለመሆኑ ሊኑክስ ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር ሁለት ወገን አለው። በእጅ የሚዳሰሰው፣ ማለትም ስክሪኑ፣ ኪቦርዱ፣ ሜሞሪውና ሃርድ ዲስኩ፣ ሃርድዌር ይባላል። የማይዳሰሰው፣ ማሽኑን የሚያሠራው የትእዛዝ ክምችት ደግሞ ሶፍትዌር ይባላል። ከሶፍትዌሮች ሁሉ ዋናው ሥርዓተ ክወና ነው። ጓዳውንና ሳሎኑን፣ እንግዳውንና ቤተሰቡን በየፈርጁ እንደምታስተናግድ ባለሙያ የቤት እመቤት፣ ሥርዓተ ክወናም ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ቦታና ተራ ይሰጣል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ዊንዶውስን ነው። ሊኑክስም እንዲሁ ሥርዓተ ክወና ሲሆን፣ ልዩነቱ በነፃ የሚገኝ፣ አሠራሩም ለማንም ሰው ክፍት የሆነ መሆኑ ነው።

ሊኑክስ ራሱ የተጀመረው በጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለሌሎች የኮምፒዩተር ወዳጆች መልእክት ላከ። ነፃ ሥርዓተ ክወና ለራሱ መዝናኛ ያህል እየሠራ መሆኑን ገለጸና ሰዎች ምን ምን ቢኖረው እንደሚወዱ አሳባቸውን ጠየቀ። መልስ መጣለት፤ ረዳትም አገኘ። በ1992 ሥራውን ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላው እንዲያስተላልፈው በሚፈቅድ ሕግ አወጣው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን ግኑ በሚል ስም የጀመረው የነፃ ሶፍትዌር ሥራም ከዚሁ ጋር ተዳምሮ የተሟላ ሥርዓት ተገኘ።

ዛሬ ሊኑክስ በልዩ ልዩ ስም ተዘጋጅቶ ይቀርባል። በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን ስሙን ያገኘው ከመሥራቹ ከኢያን መርዶክና በኋላ ባለቤቱ ከሆነችው ከዴብራ ስም ነው። በ2004 የወጣው ኡቡንቱ ስሙ አፍሪካዊ ነው፤ ሰው ሰው የሚሆነው በሌላው ሰው ነው የሚለውን አሳብ ይገልጻል። በ2006 የተጀመረው ሊኑክስ ሚንት ደግሞ ዊንዶውስን ለለመደ ሰው የሚቀል ነው። በአብዛኞቻችን እጅ ያለው የአንድሮይድ ስልክም ውስጡ ሊኑክስ ነው።

ጉዳዩ ቤታችንን የሚነካው በምንድን ነው?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት እድሳት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ለተወሰነ ጊዜ የሚራዘምበት መንገድ ቢኖርም ዘላቂ አይደለም። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 በበኩሉ አዳዲስ ማሽኖች ብቻ ያላቸውን የደኅንነት መሣሪያና አንጎለ ኮምፒዩተር ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ምንም ጉድለት የሌለባቸው አያሌ ኮምፒዩተሮች አርጅተዋል ተብለው ለመጣል ደርሰዋል።

ሊኑክስ ሚንትን ለመጫን ቢያንስ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ያስፈልጋል፤ ሥራው ምቹ የሚሆነው ግን በ4 ጊጋባይት ነው። ከሃርድ ዲስኩም ቢያንስ 20 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል። የዛሬ አሥር ዓመት የተገዛ ላፕቶፕ ይህን ብዙውን ጊዜ ያሟላል። ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅሙ በፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ፣ በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው አንዳች ሳይነካ፣ ለሙከራ ማስነሣት መቻሉ ነው። ዋይፋዩ፣ ድምፁና ስክሪኑ መሥራታቸው ከታየ በኋላ ይጭኑታል፤ ካልተስማማዎት ፍላሹን ነቅለው ኮምፒዩተሩን እንደ ገና ማስነሣት ብቻ ይበቃል።

ይሁን እንጂ የቤት ተጠቃሚ ሊኑክስን የሚያገኘው ያለ ክፍያ ስለሆነ፣ ሲቸገር የሚደውልለት ሻጭ ብዙውን ጊዜ የለውም። ታዲያ ማን ይረዳዋል? የሚረዳው ሌላው ተጠቃሚ ነው። በአገራችን አጨዳ ሲደርስ ደቦ እንደሚወጣ ሁሉ፣ በእነርሱም ዘንድ ትናንት የተረዳው ዛሬ ይረዳል። በልዩ ልዩ አገሮች ተጠቃሚዎች በትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም በቤተ መጻሕፍት ተሰባስበው፣ ችግር የገጠመው ሁሉ ማሽኑን ይዞ የሚመጣበት የመጫኛ ቀን ያዘጋጃሉ። ማርቲና ፖስትማ የተባለች የሆላንድ ሴት ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 2009 በአምስተርዳም የመጀመሪያውን የጥገና ካፌ ከፈተች። በዚያ ጎረቤት ለጎረቤቱ የተቀደደ ልብስ ይሰፋል፤ የተበላሸ ካውያና ብስክሌት ይጠግናል። ይህ ልማድ በብዙ አገር ተስፋፍቶ፣ ዊንዶውስ 10 ሲያበቃ አንዳንዶቹ የጥገና ካፌዎች አሮጌ ላፕቶፖችን በሊኑክስ ነፍስ ወደ መዝራት ተሻግረዋል።

የመረዳዳቱ ጉድፍ

ይህ የመረዳዳት ልማድ ግን ጉድፍ አልነበረበትም ማለት አይቻልም። አዲስ ገቢ የሆነ ሰው ሲጠይቅ፣ «መመሪያውን አንብብ» ተብሎ፣ አንዳንዴም ስድብ ተጨምሮበት መመለሱ የተለመደ ነበር። ሴት መሆኗ የታወቀ ጠያቂማ ስለ ጥያቄዋ ሳይሆን ስለ ሴትነቷ ይወራባት ነበር።

ይህን ዴብ ሪቻርድሰን የተባለች ሴት ዝም ብላ አላየችውም። ሊኑክስቺክስ የተባለ የሴት ተጠቃሚዎች ማኅበር መሠረተች። የማኅበሩ ደንብ ሁለት ብቻ ነበር፦ ትሑት መሆንና መርዳት። ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ብዙ ሴቶች ያለ ስጋት አፋቸውን ከፍተው የጠየቁት በዚህ ደንብ ጥላ ሥር ነው። በ2004 ደግሞ በዴቢያን ውስጥ የሴቶችን ተሳትፎ ለማሳደግ ዴቢያን ዊሜን ተቋቋመ።

በ2006 የሆነው ነገር በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ኖም የተባለው፣ ለሊኑክስ የስክሪን ገጽታ የሚያዘጋጅ ድርጅት ለወጣቶች የክረምት ሥራ ማስታወቂያ ሲያወጣ ወደ 180 የሚደርሱ አመልካቾች ቀረቡ። ከመካከላቸው አንዲትም ሴት አልነበረችም። ድርጅቱ በዚሁ ዓመት ለሴቶች ብቻ ሌላ ጥሪ ሲያደርግ ግን 100 ያህል ሴቶች አመለከቱ፤ 6ቱም ተመርጠው ሠሩ። ከዚህ እንደምንረዳው ችሎታውም ፍላጎቱም ቀድሞውኑ ነበረ፤ የጎደለው «እናንተንም ነው» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ያ ሥራ ዛሬ አውትሪቺ በሚል ስም የቀጠለ ሲሆን፣ ጀማሪዎችን ከአሠልጣኝ ጋር እያጣመረ በክፍያ ያሠራል።

የአነጋገሩም ነገር ቢሆን መሥራቹ ድረስ ደርሷል። በአስቸጋሪ ንግግሩ የታወቀው ቶርቫልድስ ራሱ በሴፕቴምበር 2018 ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ገለል አለ። የሊኑክስ ሠሪዎችም በዚያው ወር አዲስ የሥነ ምግባር ደንብ ተቀበሉ።

አጠያየቅ እንዴት ነው?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ሐኪም ዘንድ ቀርባ «አሞኛል» ብቻ ብላ ዝም የምትል እናት እንደማትታከም ሁሉ፣ «ኮምፒዩተሬ አይሠራም» ብሎ ብቻ የጠየቀም መልስ አያገኝም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ።

አንዲት እናት በአሮጌ ላፕቶፕዋ ላይ ሊኑክስ ሚንት ጫነች እንበል። ሁሉም ነገር ሠራ፤ ዋይፋዩ ግን አልታይ አለ። «ኢንተርኔት እምቢ አለኝ» ብላ ብትጠይቅ የሚመልስላት ሰው መስመሩ ይሁን፣ ሳጥኑ ይሁን፣ ወይስ ላፕቶፑ ምን እንደ ሆነ ሊያውቅ አይችልም። ነገር ግን የላፕቶፑን ስምና ሞዴል፣ የሊኑክሱን ስምና ቁጥር፣ የቤቱ ስልኮች በዚያው ዋይፋይ እንደሚሠሩ፣ በላፕቶፑ ላይ ግን የዋይፋዩ ዝርዝር ከናካቴው እንደማይታይ ጽፋ ብትጠይቅ ነገሩ ይለወጣል። የሚረዳት ሰው «ኤል ኤስ ፒ ሲ አይ» የምትለዋን ባለ አምስት ፊደል ትእዛዝ በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ በላቲን ፊደል እንድትጽፍ ይነግራታል። ትእዛዟ በማሽኑ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች ትዘረዝራለች እንጂ አንዳች አትለውጥም።

በዝርዝሩ ላይ የዋይፋዩ ካርድ ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ ሥራ ሆኖ ተገኘ እንበል። እንግዲህ ምክንያቱ ታወቀ። ከዚህ ኩባንያ ካርዶች አንዳንዶቹ ተጨማሪ ሶፍትዌር ካልተጫነላቸው በሊኑክስ ላይ አይሠሩም። ሶፍትዌሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ዋይፋዩ ግን የለም። መፍትሔው ስልክን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ ማካፈል ነው። ከዚያ የሾፌሮች ማስተዳደሪያ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍቶ የቀረበውን ሶፍትዌር መምረጥና ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሣት ነው። ላፕቶፑ ሳይፈታ፣ ካርድ ሳይገዛ፣ ፎርማት ሳይደረግ ችግሩ ተቃለለ ማለት ነው።

ስለዚህ እርስዎም ለመጠየቅ ሲነሡ የሚከተሉትን ያስታውሱ።

1. የኮምፒዩተሩን ስምና ሞዴል ይጻፉ። ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። የሊኑክሱንም ስምና ቁጥር ይጨምሩ።

2. ችግሩ ከመድረሱ በፊት ምን እንደ ተደረገ ይግለጹ። እድሳት ተደርጎ ነበር? መብራት ጠፍቶ ነበር? ወድቆ ነበር? የማያኮራ ቢሆንም እንኳ አይደብቁ።

3. በስክሪኑ ላይ የወጣውን መልእክት አንድም ፊደል ሳይለውጡ ይገልብጡ፤ ካልተቻለም በስልክዎ ፎቶግራፍ ያንሡት። «የሆነ እንግሊዝኛ ጻፈ» ማለት ለማንም አይጠቅምም።

4. ለማድረግ የፈለጉትን ራሱን ይናገሩ እንጂ ግምትዎን ብቻ አያቅርቡ። «ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሏል፣ ምን ልግዛ?» ከማለት «ማሽኑ ሲነሣ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ይቆማል» ማለት ይሻላል።

5. እስካሁን የሞከሩትን ይዘርዝሩ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ያንኑ ደግሞ አያደክምዎትም።

6. በአንድ ጊዜ አንድ ችግር ብቻ ይጠይቁ። የፕሪንተሩንና የድምፁን ጉዳይ አይቀላቅሉ።

በዚሁ ጉዳይ ኤሪክ ሬይመንድና ሪክ ሞኤን በ2001 ያወጡት የአጠያየቅ መመሪያ በሰፊው ይታወቃል። ምክሩ ጠቃሚ ሆኖ አነጋገሩ ግን ለጀማሪ ይከብዳል የሚሉ አሉ። እኛም ትጋትን ከጠያቂው፣ ትሕትናን ከመላሹ መጠበቅ ተገቢ ነው እንላለን።

ኪቦርዱን አይንጠቁ

የሚረዳ ሰው ደግሞ የራሱ ግዴታ አለበት። ዛሬ ቫለሪ ኦሮራ በሚል ስም የምትታወቀው የሊኑክስ ፕሮግራም ሠሪ ቫል ሄንሰን፣ ሴቶችን በሊኑክስ እንዴት ማበረታታት እንደሚቻል በ2002 ባወጣችው ጽሑፍ ከሰጠቻቸው ምክሮች አንዱ፣ የምትረዳትን ሴት ኪቦርዱን አትንጠቃት የሚል ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በየቤታችን የሚሆነውን እናስተውል። እናት «ይህን እንዴት ላድርገው?» ስትል ልጅ ወይም ባል «ቆይ እኔ» ብሎ ኪቦርዱን ይስባል፤ በቅጽበት ተጫጭኖ «ይኸው» ይላል። ሥራው አለቀ፤ ትምህርቱ ግን አልተሰጠም። በሚቀጥለው ሳምንትም ያው ጥያቄ ይመለሳል፤ «ስንቴ ላሳይሽ!» የሚል ቁጣም ይከተለዋል።

ስለሆነም ልጆችዎ ሲያሳዩዎት እጅዎ ከኪቦርዱ አይነሣ። «እኔ ልንካው፣ አንተ ንገረኝ» ይበሉ። ይዘገያል፤ ግን የእርስዎ ይሆናል። እርስዎም ልጅዎን፣ ሠራተኛዎን ወይም ጎረቤትዎን ሲያሳዩ እንደዚሁ ያድርጉ። ወንድ ልጅ ብቻ ሳይሆን ሴት ልጅም ዊንጩን ይዛ የላፕቶፑን ክዳን ትክፈት፤ የማራገቢያውን አቧራ ትጥረግ፤ ሜሞሪውን አውጥታ ትመልስ። ከዚያ በፊት ግን ማሽኑ መጥፋቱን፣ ገመዱ መነቀሉንና የሚወጣ ባትሪ ካለው መውጣቱን ታረጋግጥ።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የተሰጠ መልስ ሁሉ ወዲያው አይፈጸምም። በመጀመሪያ ፎቶግራፉንና ሰነዱን ሁሉ በሌላ ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ ይገልብጡ፤ መገልበጡንም ከፍተው ያረጋግጡ። ይህ ሳይደረግ ምንም ዓይነት ጭነት አይጀመር።

ሁለተኛ፣ ትርጉሙን የማያውቁትን ትእዛዝ አይጻፉ። «ሱዶ» የምትለዋ ቃል ከፊት ካለች ማሽኑ በሙሉ ሥልጣን ይፈጽማል ማለት ነው። «አር ኤም» የምትለዋ ደግሞ አጥፋ ማለት ናት፤ በእርስዋ የጠፋ ፋይል ወደ ቆሻሻ መጣያው ሳይገባ በዚያው ይቀራል። በክፋት ወይም በቀልድ ሙሉ ሃርድ ዲስክ የሚያጠፋ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። «ይህ ምን ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ቅን ረዳትም በደስታ ያስረዳል። ሁለተኛ ሰው እስኪያረጋግጥልዎት መጠበቅም ጉዳት የለውም።

ሦስተኛ፣ የይለፍ ቃልዎንና የባንክ ነገርዎን ለማንም አይስጡ። የዋይፋይ ችግር ለመፍታት የባንክ ቁጥር የሚጠይቅ ረዳት ሳይሆን ሌባ ነው።

እንግሊዝኛ አልችልም ብለው የሚሰጉ እህቶችም አሉ። የግእዝ ፊደል በ1999 ዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ ስለገባ በሊኑክስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ የዴቢያን የመጫኛ ፕሮግራምም ቋንቋ ሲያስመርጥ አማርኛን ጭምር ያቀርባል። ጥያቄውን በአማርኛ አዘጋጅቶ፣ የስክሪኑን መልእክት ብቻ እንዳለ ገልብጦ፣ ለሚያውቅ ወዳጅ ማቅረብ ይቻላል።

ብድሩ እንዴት ይመለሳል?

ችግሩ ከተፈታ በኋላ ብዙዎች «ተስተካከለ፣ አመሰግናለሁ» ብለው ይሄዳሉ። ምስጋና መልካም ነው፤ ነገር ግን እንዴት እንደ ተስተካከለ ካልተጻፈ፣ ነገ በዚያው ችግር የምትያዝ ሌላ እናት ጥያቄውን አግኝታ መልሱን ታጣለች። በሊኑክስ ሰዎች ዘንድ ለተደረገልዎት እርዳታ የሚጠየቅ ገንዘብ የለም። የሚጠበቅብዎት መፍትሔውን በሁለት መስመር ጽፎ መተው፣ እርስዎን የሚመስል ጀማሪ ሲመጣም ፊት አለመንሣት ነው። ማሽኑ ምን እንደ ሆነና ምን እንደ ተደረገለት የሚጻፍበት አንድ ደብተር በቤት ውስጥ ቢኖር ደግሞ ቤተሰቡን በሙሉ ይጠቅማል።

እድርና ዕቁብ ያደራጁ፣ በደቦ ያረሱና ያጨዱ እናቶች ልጆች መረዳዳትን ከማንም አንማርም። ለሃምሳ ሰው ጌጡ፣ ለአንድ ሰው ሸክሙ የሆነውን ነገር እናውቀዋለን። በቀበሌውም ሆነ በዕድሩ፣ በትምህርት ቤቱም ሆነ በመሥሪያ ቤቱ፣ በዓመት አንድ ቀን እንኳ አሮጌ ኮምፒዩተሮች የሚሰበሰቡበትና የሚያውቅ ለማያውቅ የሚያሳይበት ጊዜ ቢዘጋጅ ወጪው ጥቂት ፍላሾችና የአንድ አዳራሽ ወንበር ነው።

እንግዲህ፣ ውድ እህታችን፣ ቁም ሣጥኑ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ ካለዎት ያውርዱት። ከሥሩ ያለውን ሞዴል ይጻፉ፤ ያስነሡትና የሚለውን ይገልብጡ። ከዚያ ሳያፍሩ ይጠይቁ።